ነቅቶ መዋል የማን ነው?

በእኛ ዘንድ ሰዓቱን ያልጠበቀ እንቅልፍ ይፈረድበታል። ክፍል ውስጥ ያሸለበ ተማሪ ሰነፍ ነው፤ ስብሰባ ላይ ያንጎላጀ ሠራተኛ ግዴለሽ ነው፤ ልቅሶ ቤት ተቀምጣ ያንቀላፋች ሴት ደግሞ ሐዘኑ ያልገባት ናት። በአንጻሩ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያነጋ ካህን፣ በጧፍ ብርሃን ሲያጠና ያደረ ልጅ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ እሳት ያያያዘች እናት ይመሰገናሉ። መላእክትን እንኳ ትጉሃን ብለን የምናከብራቸው ስለማያንቀላፉ ነው። ይህ ምስጋና ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ነቅቶ ማደር ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከምስጋናውም ከወቀሳውም ሥር ቆም ብለን ያልመረመርነው አንድ እምነት አለ። ነቅቶ መዋል የፈቃዳችን ሥራ ነው፤ የፈለገ ይነቃል፣ ያልፈለገ ይተኛል ብለን እናምናለን። ናርኮሌፕሲ የሚባለው ሕመም ይህን እምነት ከሥሩ ይፈትነዋል።

ለሕመሙ ስሙን ያወጣለት ዣን ባፕቲስት ኤድዋር ዤሊኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1880 ነበር። መነሻ የሆነው ደግሞ አንድ የ38 ዓመት የወይን በርሜል ነጋዴ ነው። ሰውዬውን በቀን እስከ 200 ጊዜ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ማዕድ ላይ ቁራሹን እንደያዘ ይተኛል። መንገድ ሲሄድ የ13 ዓመት ልጁ ከጎኑ እየተራመደ ይቀሰቅሰዋል። አባት ልጁን ይዞ በሚሄድበት ዕድሜ ልጅ አባቱን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ዝርዝር ነው። ነጋዴው ጥሩ ገበያ ሊቀናው መሆኑን አውቆ ልቡ ሲሞቅ፣ ወይም ከት ብሎ ሲስቅ፣ ጉልበቱ ይከዳው ነበር። ካርታ ሲጫወት መልካም ካርታ የደረሰው እንደሆነ ክንዱ አልታዘዝ ይለዋል። ዤሊኖ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መዘገበ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ አስፈለገ።

ስለ ናርኮሌፕሲ የሰማ ሰው መጀመሪያ ወደ አሳቡ የሚመጣው ብዙ መተኛት ነው። እንዲያ አይደለም። ሕመምተኛው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የተኛው ሁሉ ቢደመር ከጤነኛው ሰው ብዙም አይበልጥም። ሌሊቱ የተቆራረጠ ነው፤ ቶሎ ይተኛል፣ ደጋግሞ ይነቃል፣ ጠዋት ሲነሣ እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል። የታመመው የእንቅልፉ መጠን ሳይሆን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለው ድንበር ነው። እንቅልፉ ወደ ቀኑ ይገባል፣ ንቃቱ ወደ ሌሊቱ፣ ሕልሙም ወደ እውኑ። የሕመሙ ምልክቶች የተለያዩ ቢመስሉም ሁሉም የዚህ ድንበር መፍረስ ናቸው።

የቀኑን እንቅልፍ ክብደት ሐኪሞች ለማስረዳት ሲሞክሩ፣ ጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ሳይተኛ ቢቆይ ከሚሰማው ጋር ያመሳስሉታል። ልዩነቱ ጤነኛው አንድ ሌሊት አጥግቦ ተኝቶ ይገላገላል፤ ናርኮሌፕሲ ያለበት ግን ይህን ይዞ በየጠዋቱ ይነሣል። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪን እናስብ፤ የባዮሎጂ ደብተሯን እንክፈት። የገጹ ራስ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ርእሱ ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ፊደላቸው የጠራ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ፊደሎቹ እየሰፉ፣ ከመስመሩ እየወረዱ ይሄዳሉ። አራተኛው ላይ ስለ ሕዋስ ሽፋን የተጀመረው ዐረፍተ ነገር መሃል ከትምህርቱ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ይገባል፤ ስለ በር፣ ስለ አንድ የተረሳ ጃንጥላ። ከዚያ በኋላ ፊደል የለም። እስክሪብቶው የጎተተው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ እስከ ገጹ ጠርዝ ሄዶ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ ዓይኗን አልከደነችም ይሆናል፤ እጇም መጻፉን አላቋረጠም። አእምሮዋ ለአፍታ ተኝቶ ሰውነቷ የለመደውን ሥራ ቀጠለ። አንዳንዶች እንዲህ ሆነው ሽንኩርት ከትፈው ይጨርሳሉ፤ አንዳንዶች መንገድ ያቋርጣሉ፤ በኋላ ሲጠየቁ አንዱንም አያስታውሱትም። መምህሩ ደብተሩን ሲያይ የሚያነበው ግን ግዴለሽነትን ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባው ሳቅን የሚመለከተው ነው። ስሙ ካታፕሌክሲ ይባላል፤ ናርኮሌፕሲ ባለባቸው ሰዎች ሁሉ ላይ ባይታይም ብዙዎቹ ያውቁታል። ጨዋታ አዋቂ ወዳጅ ቀልዱን ሊጨርስ ሲል፣ አድማጩ ሳቁ ከደረቱ ሲነሣ፣ መጀመሪያ ጉንጩ ይላላል። ቀጥሎ መንጋጋው ይወርዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ አንገቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ቀላል ከሆነ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ያየ ሰው ጎንበስ ያለ ይመስለዋል። ከባድ ከሆነ ጉልበት ይታጠፍና ሰውዬው መሬት ላይ ይሆናል። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ሁሉ አእምሮው ንቁ ነው። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፤ ጡንቻው ብቻ ከፈቃዱ ወጥቷል።

ቁጣም ድንጋጤም ያመጡታል፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን የሚያመጣው ደስታ ነው። መልካም ቀልድ፣ ያልጠበቁት ወዳጅ በድንገት ሲገኝ፣ የምሥራች። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዘው ከሚጠብቁት መካከል እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፣ ዐሥር ዓመት ያላያት እኅቱ ጋሪዋን እየገፋች ስትወጣ፣ ሁሉም እልል ብሎ ወደ ፊት ሲሮጥ፣ እሱ አምዱን ተደግፎ መቆም ይኖርበታል። ስላልናፈቀ አይደለም፤ ናፍቆቱ ስለሚጥለው ነው። ጊዜ ሲሄድ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን መጠበቅ ይማራሉ። ጨዋታ ሲሞቅ ተነሥተው ይወጣሉ። ቀልድ ሲጀመር ሌላ ነገር ያስባሉ፣ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፣ ፊታቸውን ያጠነክራሉ። ሰርግ ላይ እስክስታው መሃል አይገቡም። ጎረቤቱ ኩሩ ይላቸዋል፤ አማች ቤት ኮስታራ ተብለው ይታወቃሉ። አንድ ሰው ከሐዘን ራሱን ሲጠብቅ እናውቃለን፤ ጥበብም ነው እንላለን። ከደስታ ራሱን መጠበቅ ያለበትን ሰው ግን ምን ብለን እናጽናናው? የተወሰደበት ንቃቱ ብቻ አይደለም። ከሰው ጋር ሆኖ ልብን የመልቀቅ ነጻነትም ተወስዶበታል፤ ይህ ደግሞ ኑሮን ኑሮ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። እኔ ናርኮሌፕሲን በእንቅልፍ ብቻ መግለጽ ሕመምተኞቹን መበደል ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጤነኛውም ሰው ከልቡ ሲስቅ ጡንቻው በመጠኑ እንደሚላላ ተለክቶ ታውቋል። በሳቅ ፍርስ የምንለው እኛም ነን። ልዩነቱ የእኛ ሰውነት በቶሎ ራሱን ይመልሳል፤ የእነሱን የሚመልሰው ነገር ጎድሏል።

በአገራችን ሰው መንገድ ላይ ድንገት ከወደቀ የሚጥል በሽታ ነው ይባላል። ክብሪት ይጫርና ጭሱ ወደ አፍንጫው ይጠጋለታል። እንዳይተላለፍብኝ ብሎ ልጁን ይዞ የሚሸሽም አለ። ለሚጥል በሽታም ቢሆን ክብሪቱ አይረዳም፤ በሽታውም በመንካት አይተላለፍም። በካታፕሌክሲ የወደቀ ሰው ላይ ግን ይህ ሁሉ ሲደረግ እሱ ነቅቶ ነው ያለው። የድኙ ሽታ ይገባዋል። አንዱ አትንኩት ሲል፣ ሌላው ሰክሮ ነው ሲል፣ አንዲት እናት ደግሞ የማን ልጅ ይሆን እያሉ ሲያዝኑ ይሰማል፤ መልስ መስጠት ግን አይችልም። ከደቂቃ በኋላ ልብሱን አራግፎ ይነሣል፤ የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ የወደቀ ሰው ሲገጥመን ማድረግ የሚገባን ጥቂት ነው፤ ራሱ እንዳይመታ መደገፍ፣ አጠገቡ መቆየት፣ በስሙ ጠርቶ አይዞህ ማለት። ይሰማናልና።

ሌላው ምልክት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ዱካክ እንለዋለን። ሰውዬው ሊተኛ ሲል ወይም ሲነቃ፣ ዓይኑ ተከፍቶ፣ ክፍሉን እያየ፣ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ደረቱ ላይ ክብደት ይጫነዋል። በሩ ሲከፈት ይሰማዋል፣ ጥላ ይገባል፣ አንድ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ለመጮኽ ይሞክራል፤ ድምፅ አይወጣውም። ጤነኛ ሰው በዕድሜው አንድ ሁለት ጊዜ ሊገጥመው ይችላል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ያቆሙ ጊዜ ዱካክ እንደሚያስቸግራቸው ይናገራሉ። ናርኮሌፕሲ ያለበትን ሰው ግን ደጋግሞ ሊጎበኘው ይችላል። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሬም በሚባለው፣ ያለምነውን እንዳንፈጽም አንጎላችን ከዓይንና ከመተንፈሻ በቀር ጡንቻዎችን ሁሉ ያስራቸዋል። ማሰሪያው ሳይፈታ ንቃት ከቀደመ ዱካክ ይሆናል፤ ሕልሙ ሳያበቃ ዓይን ከተከፈተ የሕልሙ ሰው ክፍላችን ውስጥ ይቆማል። ያው ማሰሪያ በጠራራ ፀሐይ በሳቅ መካከል ሲመጣ ነው ካታፕሌክሲ የምንለው።

ምክንያቱን ማወቅ ፍርሃቱን ውሸት አያደርገውም። ያ ሰው በእርግጥ ፈርቷል፣ ያየውንም በእርግጥ አይቷል። ጠበል የሄደ ይቅር፣ ጸሎቱን ይተው የምልም አይደለሁም፤ ብቻውን በጨለማ ያንን ያየ ሰው የሚያጽናናው ያስፈልገዋል። የምለው ሐኪም ቤቱ እስከ መጨረሻው አይዘግይ ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ስሙ ድረስ፣ ሕክምናው በተስፋፋባቸው አገሮች እንኳ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ያልፋል። ያ አሥር ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ መልቀቂያ ፈተናው ነው፣ የመጀመሪያው ሥራና ትዳሩ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ልጁ ሰነፍ ሲባል ይኖራል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እሱ ራሱ ማመኑ ነው።

ምክንያቱ የተገኘበት መንገድ ረጅም ነበር። ሬም እንቅልፍ የታወቀው በ1953 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ነው። በ1960 ጄራልድ ቮገል ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው፣ ሌላው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቶ የሚደርስበትን ሬም፣ እንደተኛ ወዲያው እንደሚገባበት አየ። ከዚያ ነገሩ ወደ ውሾች ዞረ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕመሙ በዘር የሚወርድባቸው ዶበርማን ውሾች እንዲዋለዱ ይደረግ ነበር። ምግብ በቁራሽ በቁራሽ ተደርድሮ ሲቀርብላቸው በደስታ እየሮጡ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ እንደቀመሱ የኋላ እግራቸው ይታጠፋል፤ ምግቡን እያዩ መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ኢማኑኤል ሚኞ ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ፈልጎ በ1999 የውሾቹን ጉድለት አንድ ዘረ መል ላይ አገኘው። በዚያው ዓመት የማሳሺ ያናጊሳዋ ቡድን ዳላስ ውስጥ በአይጦች ላይ ከዚያው ቦታ ደረሰ። ሁለቱም ያገኙት ሃይፖክሬቲን ወይም ኦሬክሲን ወደሚባለው የአንጎል መልእክተኛ የሚመራ ነበር፤ ይህም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የታወቀ ነበር። በ2000 ደግሞ ናርኮሌፕሲ ኖሮባቸው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ ሃይፖክሬቲን የሚያመነጩት ሕዋሳት 85 ከመቶ እስከ 95 ከመቶ ጠፍተው ተገኙ። የሰዎቹ ዘረ መል እንደ ውሾቹ የተበላሸ አልነበረም፤ ሕዋሳቱ ራሳቸው ነው የሌሉት።

ያጠፋቸው ማን ነው? አብዛኛው ምልክት የሚያመለክተው የሰውነትን መከላከያ ነው፤ ጠላት መስሎት የራሱን ሕዋስ አጥቅቷል። ካታፕሌክሲ ካለባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት አንድ ዓይነት የመከላከያ ዘረ መል የሚጋሩ ናቸው። በ2009 እና በ2010 ከነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኋላ ፓንደምሪክስ የተባለውን ክትባት በወሰዱ የፊንላንድና የስዊድን ልጆች ላይ ሕመሙ መጨመሩ ታይቷል፤ ቻይና ውስጥ ደግሞ ያው ወረርሽኝ ራሱ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር። ይህ የአንድ ክትባት ታሪክ ነው፤ ክትባትን ሁሉ የሚያስጠረጥር አይደለም። ካታፕሌክሲ የሌለበት ሁለተኛው ዓይነት ናርኮሌፕሲ ግን ሃይፖክሬቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎድል ነው የሚገኘው።

እነዚህ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ወደ 70,000 ገደማ ናቸው። አንጎላችን ከ80 ቢሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ስናስብ ከምንም የማይቆጠሩ ጥቂቶች ናቸው። ማሕሌት የቆመውም፣ ፈተና ያጠናውም፣ ሌሊቱን ሕሙም ሲያስታምም ያደረውም ነቅቶ የቆመው በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ነው። እርግጥ ነው ፈቃድ የለም ማለቴ አይደለም። ሕዋሳቱ እያሉለት ያልተጋ ብዙ ሰው አለ፤ ትጋት የሚመሰገነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ፈቃድ ግን የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል፤ ያንን መሬት ማንም በራሱ ጥረት አላበጀውም። ተሰጥቶት ያገኘው ነው። እንዲያውም የፈቃድን ትግል በእውነት ማየት የፈለገ ወደ ኋላው ወንበር ይመልከት። ያቺ ደብተሯን የከፈትነው ተማሪ ክንዷን ቆንጥጣለች፣ በዕረፍት ሰዓት ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባለች፣ ቆሜ ልማር ብላ ለምናለች፣ ከንፈሯን እስኪደማ ነክሳለች። ጎረቤቷ አንዱንም ሳታደርግ ነቅታ ዋለች። ትጋት በጥረት የሚለካ ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተጋችው ያሸለበችው ልጅ ናት።

በሐዋርያት ሥራ የምናውቀው ወጣቱ አውጤኪስ ትዝ ይለኛል። ጢሮአዳ ላይ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር በመስኮት ተቀምጦ ሳለ እንቅልፍ አሸንፎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ስለ ሕመሙ የሚናገር ነገር የለም፤ ልጁም የደከመ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልብ የምለው ታሪኩን የጻፈው ሉቃስ፣ በትውፊት ሐኪም የሚባለው፣ አንድ የወቀሳ ቃል አለመጨመሩን ነው። ጳውሎስም ወርዶ አቀፈው።

ናርኮሌፕሲ ፈውስ እስካሁን የለውም፤ ሕክምና ግን አለው። ሞዳፊኒል የቀኑን እንቅልፍ ይቀንሳል፤ ሶዲየም ኦክሲቤት ሌሊቱን ያረጋዋል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ካታፕሌክሲውን ያግዱታል። የጎደለውን የሃይፖክሬቲን መልእክት ራሱን የሚተኩ መድኃኒቶችም እየተፈተኑ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር፣ አንዳንዴም ከእሱ በፊት፣ የሚረዳው በሰዓቱ የተያዘ አጭር እንቅልፍ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የተኛ ሕመምተኛ ለጥቂት ሰዓት ታድሶ ይነሣል። መድኃኒቱ የማይገኝለት ወይም ሕመሙን የማያውቅ ሰው ራሱን በቡና፣ አንዳንዴም በጫት ለማከም ይሞክራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ለጊዜው እንቅልፍን ይገፋል፤ የተቆራረጠውን ሌሊት ግን የባሰ ይቆራርጠዋል፣ ዱካኩንም ይጠራዋል።

አደጋው መሪ ላይና እሳት ዳር ይበረታል። ሕክምና ያልጀመረ ሰው መኪናም ባጃጅም ባይነዳ፣ ምጣድ ዳር ብቻዋን የምትጋግር ሴት አጠገቧ ሰው ቢኖር መልካም ነው። በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ደግሞ ሕመሙ በቀላሉ ይሸፈናል። ቀን አንድ ሥራ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ቢያንቀላፋ ማን ይገረማል? ድካሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዕረፍት ሳምንቱ አጥግቦ ተኝቶም ያው ከሆነበት ድካም ብቻ አይደለም።

ናርኮሌፕሲን በእርግጠኝነት ለመለየት ሌሊቱን በመሣሪያ ታጅቦ መተኛት፣ በማግስቱም በየሁለት ሰዓቱ አጭር እንቅልፍ እየተኙ መለካት ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ በቅርብ የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ሆኖም ማንኛውም ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ያለ ምንም መሣሪያ ሊጠይቀው የሚችል አንድ ጥያቄ አለ፤ ስትስቂ ጉልበትሽ ይከዳሻል ወይ? አዎ ያለች ልጅ ምናልባት ይህን ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ይሆናል። በተቆጠረባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ አገሮች ሕመሙ ከ2,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን የሚያህል ተማሪ አላቸው። የሐኪሙ ወረቀት እስኪመጣ ድረስም መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው አለ። ከምሳ በኋላ ራሷን ዴስኩ ላይ አድርጋ ሃያ ደቂቃ እንድታርፍ ይፍቀድላት፤ ፈተናዋን ካረፈች በኋላ ያድርግላት፤ አራተኛው መስመር ላይ የተቋረጠውን ማስታወሻም ከጎረቤቷ ደብተር እንድትገለብጥ ይንገራት።